ሚስማሩ ላይ የቀረው ወረቀት

ሙስዓብን መጀመሪያ ያየሁት በመስታወት ውስጥ ነው። የምሠራበት መስኮት መካከሉ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው፤ ደንበኞች ሁሉ ጎንበስ ብለው በእሷ በኩል ያናግሩኝ ነበር። እሱ ግን አልጎነበሰም። የሰጠሁትን ወረቀት ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሁለት ጊዜ አነበበና በቀዳዳዋ መልሶ ገፋልኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለ።

«ማንበብ አይችሉም?»

«እችላለሁ። ግን መርዶ በሰው አፍ ሲነገር ይሻላል። ወረቀት ሲያረዳ አዝኖ አያውቅም።»

ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ነበር። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና እያስመጣ የሚሸጥና የሸጠውን የሚጠግን አንድ ድርጅት ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። መካኒኮቹ መኪናውን ከጓሮ ይመረምራሉ፤ ውጤቱን ለባለቤቱ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሙስዓብና ታላቅ ወንድሙ ፒያሳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። በየሳምንቱ በፒክአፕ ጨርቅ ጭኖ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ገበያ ይሸጣል። ያን ሳምንት ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሞቆ ቆመበት፤ በሌላ መኪና አስጎትቶ ነው ወደ እኛ ያመጣው።

አነበብኩለት። ሰባት መስመር ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ሁለተኛ፣ ራዲያተሩ ይቀየር። ሦስተኛ፣ የውሃ ፓምፑ ይቀየር። እንዲህ እያልኩ ስድስተኛው ላይ ደረስኩ፤ የፍሬን መስመሩ ይቀየር። ሰባተኛው ባትሪው ነበር።

«በአጭሩ መኪናው ይቀየር በይኝ» አለ።

«ታርጋው ይቀራል» አልኩ ሳላስበው።

ሳቀ። ከዚያ ከታች የተጻፈውን ዋጋ ሳነብለት ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ያህላል።

«ይቺን መኪና ለመግዛት ወንድሜ ሁለተኛውን ሱቅ ሸጧል» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሚስቱንም ወርቅ። ገብቼ ምን እለዋለሁ?»

እኔ የማውቀውን እሱ አያውቅም። ሞተሩ ሞቆ የመጣ መኪና ሁሉ ይህንኑ ሰባት መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። የጥገና ኃላፊው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦታል፤ የእኔ ሥራ ታርጋውንና ስሙን ለውጦ ማተም ነው። መካኒኮቹ በእጃቸው የሚጽፉት ቁራጭ ወረቀት ከጓሮ ይመጣልኛል፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር እሰካዋለሁ። ሥራ እንደጀመርኩ ቁራጮቹን አነብ ነበር። አንድ ቀን የተጻፈውና የታተመው አይገናኝም ብዬ ኃላፊውን ብጠይቀው፣ «ፈህሚያ፣ መሐንዲስ መሆንሽን አልነገርሽንም» አለኝ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ መስካት ጀመርኩ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ።

ለምን ለእሱ እንደነገርኩት ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ወረቀት አዝኖ አያውቅም ማለቱ ይሆናል። ወደ ቀዳዳዋ ተጠጋሁ።

«እዚህ አያሠሩት» አልኩት። «ወስደው ለሌላ ሰው ያሳዩ። ይህ ለሁሉም የሚጻፍ ነው።»

ያን ጊዜ ጎንበስ አለ። ዓይኑን በቅርብ አየሁት።

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም» አልኩ።

* * *

በሳምንቱ ሐሙስ ዕለት በጋዜጣ የተጠቀለለ ፓፓያ በቀዳዳዋ ሊያስገባልኝ ሞክሮ አልገባ ስላለው በሩን ዞሮ መጣ።

«ከዛሪማ ነው» አለ። «ሞተሩ ራሱ ነው ተሸክሞት የመጣው። ያው፣ ሞቷል የተባለው።»

መኪናውን ወለቃ መንገድ ዳር ወዳለው የአያ ውዱ ጋራዥ ወስዶት ነበር። አያ ውዱ ከዳባት ገጠር የመጡ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ረጅም ካቻቢቴያቸውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ምነው ይህን ሞተር ገደሉት? ገና ልጅህን ይድራል» አሉት። የተቃጠለው በሞተሩ መሐል ያለው ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ ማሸጊያ ብቻ ነበር። በሁለት ቀን ቀይረው ሰጡት።

«ደግሞ ጠባያቸው» አለ ሙስዓብ። «ሳስረክባቸው ‹የምትጠይቀኝ ሞተሩን ነው?› አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ ‹እንግዲያው ሌላውን አልነካም። ያልጠየቁትን የሚፈታ ሌባ ነው፤ አንዱን ሲጠግን ሁለት ሕመም ያወጣል› አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አለ?»

«ሸጋ ሰው ናቸው» አልኩ እኔም።

ሁለታችንም ከልባችን ነበር ያልነው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ አልቀረም። የድርጅቱ ዘበኛ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሩቅ ሲያዩት፣ «ፈህሚያ፣ የፓፓያው መኪና መጣ። ዛሬስ ምኑን አሞት ይሆን?» ይሉኛል። እሱም ሁልጊዜ አንድ ሕመም ይዞ ይመጣል።

«ጡሩምባው ድምፁ ወፍሯል።»

«ብርድ መትቶት ነው» እለዋለሁ። «ደባርቅ ላይ ጋቢ አልብሰው።»

«ጋቢውንስ ማን ይፈትልልኛል?»

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሐሙስ ደግሞ ሳይቀልድ እንዲህ አለኝ፤ «ፍሬኑ ሲረገጥ ልስልስ ይላል። ዘይት ስጨምርበት ይመለሳል።»

ስድስተኛው መስመር ትዝ አለኝ። በእርግጥ ትዝ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ግን ወዲያው፣ እሱ ከሰባቱ አንዱ ነው አልኩ በልቤ፤ ለሁሉም የሚጻፍ ነው።

«ለአያ ውዱ አሳየው» አልኩት እንዲሁ ለአፌ።

«ከኒካሑ በኋላ። አሁን ገበያው ደርቷል፤ አንድ ቀን ባቆመው ይጎዳኛል።»

ስለ ኒካሕ በአፉ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ፍሬኑን ረሳሁት።

* * *

ታኅሣሥ ላይ ታላቅ ወንድሙ ዐብዱረሕማን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጮህ፣ ድምፁ ግን እንደ ሴት የለዘበ ሰው ነው። እኔና እናቴ ሃጂራ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነን እንሰማለን።

«አባታችን ሲሞት ይሄ ልጅ የአራት ዓመት ልጅ ነበር» አለ ለአባቴ። «እኔ አሳደግኩት። እስከ ዛሬ ፓፓያ ሲበላ አላየሁትም። ዘንድሮ ግን ከመኪናው ፓፓያ ጠፍቶ አያውቅም። ምን ሆነሃል ብዬ ብጠይቀው የእርስዎን ልጅ ስም ጠራልኝ።»

አባቴ ሳቀ። አባቴ ዐብዱልከሪም በቀላሉ የሚስቅ ሰው አይደለም።

«ልጄ ሞገደኛ ናት፤ ምላሷን ትችሉታላችሁ?»

«የእኛን መኪና ያዳነው ምላሷ ነው» አለ ዐብዱረሕማን። «ዛሬ የሰጠሁት ቃል የኔ ብቻ አይደለም፤ የቤቴ ነው። እኔ ባልኖር እንኳ ሚስቴ ራቢዓ ትፈጽመዋለች።»

ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል። ማንም ልብ አላለውም። ኒካሑ ለየካቲት ተቀጠረ።

* * *

ጥር አጋማሽ ላይ አንድ ሐሙስ ፓፓያው አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በመስኮቱ ፊት ቆሙ። እሳቸውም እንደ ሙስዓብ አልጎነበሱም።

«ልጄ፣ ቦርሳሽን ያዢ» አሉኝ። «ወደ ቤት አደርስሻለሁ።»

የሆነውን ሙስዓብ ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ነገረኝ፤ ደረቱ ታስሮ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ።

ያን ቀን ዐብዱረሕማን ለሠርጉ የሚሆን ሙክት ከዛሪማ ልግዛ ብሎ አብሮት ሄደ። ሊማሊሞን ሲወርዱ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናው ጨርቅ እንደተጫነ ነው፤ ምንም አልያዘውም። በግራ ገደል፣ በቀኝ የተራራው ድንጋይ ነው። ወንድሙ የተቀመጠው በቀኝ በኩል ነበር።

«መሪው እጄ ላይ ደረቀ» አለኝ። «ድንጋዩን አየሁ፤ እሱን አየሁ። ማዞር አቃተኝ።»

ዓይኑን ከጣራው ሳያነሣ ቀጠለ።

«‹ወደኔ በኩል ያዘው› አለኝ። አልጮኸም። ልክ ሱቅ ውስጥ ጣቃ አቀብለኝ እንደሚለው ነው ያለኝ። ‹ወደኔ በኩል።› ያዝኩት።»

እጁን ልይዘው ፈለግኩ። ነርሷ ገባችና ተውኩት።

* * *

ስለ ዐብዱረሕማን ሞት ፖሊስ ድርጅቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ኃላፊው ፋይሉን አስወጣኝ። የታተመውን ወረቀት ፖሊሱ ፊት ዘርግቶ ጣቱን ስድስተኛው መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይኸው፤ የፍሬን መስመሩ ይቀየር ብለን ጽፈናል። አላሠራም ብሎ የወሰደው ራሱ ነው።»

ፖሊሱ ጽፎ ሄደ። ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ወደ ሚስማሩ ሄድኩ። የሦስት ወር ቁራጭ ተደራርቦበታል። አንድ በአንድ እየነቀልኩ እስከ ጥቅምት ወረድኩ። የሙስዓብ ታርጋ ያለበትን አገኘሁት፤ በእርሳስ የተጻፈ ነው።

«ሞተር ደህና ነው። ጓርኒሲዮን ብቻ ይቀየር። የኋላ ቀኝ ፍሬን ቱቦ ተበልቷል፣ ያንጠባጥባል። ሳይሠራ እንዳይሄድ።»

ከሥሩ የመካኒኩ የባምላክ ፊርማ አለ። ጓሮ ሄድኩ። ባምላክ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር። ወረቀቱን አሳየሁት። ማኘኩን አቆመ።

«ለምን ለራሱ አልነገርከውም?» አልኩት።

«ከደንበኛ ጋር እንዳናወራ ተከልክለን የለ?» አለ። «ስለዚህ ጻፍኩት። አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ።»

ቁራጩን አጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። አንድ ወር ሙሉ እዚያው ኖረ። ለማንም አልተናገርኩም። ሙስዓብ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ተኝቶ ሳለ እጠይቀዋለሁ፤ ትራሱን አስተካክልለታለሁ፤ ወረቀቱ ደረቴን ይወጋኛል። ብነግረው እንደማጣው አውቃለሁ። ባልነግረውም ማንም አያውቅብኝም።

ሙስዓብ ግን የሚከሰስ ሰው አገኘ።

«ውዱ» አለኝ አንድ ቀን፤ አያ የሚለውን ትቶታል። «መኪናው ሁለት ቀን ከእጁ ነበር። እንዴት አያይም? ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ከዚህ በኋላ መፍቻ አይጨብጥም።»

«ሞተሩን ብቻ እኮ ነው የጠየቅካቸው» አልኩ።

«አንቺ ለማን ነው የምታዝኚው?»

* * *

ሽምግልናው መጋቢት ላይ በእነሙስዓብ ግቢ ሆነ። ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሰፈር አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የዐብዱረሕማን ሚስት ራቢዓ ዒዳ ላይ፣ የባሏን ሐዘን ወራት እየጠበቀች ስለነበረች ከቤት አልወጣችም፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። አያ ውዱ የብረት ሳጥናቸውን ተሸክመው መጡና ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጡት።

«በጄ ያለፈ መኪና ሰው ገደለ ከተባለ ምን እከራከራለሁ» አሉ። «መፍቻዎቼ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ውሰዱት።»

የዕድሜያቸውን ግማሽ ነው ያስቀመጡት። ሙስዓብ ሳጥኑን አየ። ሊቀበል ነው። አንዱ ሽማግሌ ምርቃት ሊጀምር እጁን ሲያነሣ እግሬ ራሱ ተነሣ። ራቢዓ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው? የወንዶች ሸንጎ ነው።»

«ልቀቂኝ፣ እቴ ራቢዓ። አንቺም እየሰማሽ እንዲነገር ነው።»

ወጣሁ። ቁራጩን ከደረቴ አውጥቼ ለሽማግሌዎቹ ዘረጋሁ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«መካኒኩ አይቶት ነበር» አልኩ። «ጽፎት ነበር። እኔ ሳላነበው ሚስማር ላይ ሰካሁት። ሙስዓብ ‹ሰባቱም?› ብሎ ሲጠይቀኝ ‹ሰባቱም› ያልኩት እኔ ነኝ። ስድስቱ ውሸት ነበሩ። አንዱ አልነበረም።»

ከመስኮቱ በኩል የራቢዓን ትንፋሽ እሰማለሁ።

ከዚያ አያ ውዱ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ልጂቱ ልታድነኝ ነው» አሉ። «እኔ ግን መኪናዋን ከጓሮ ሳወጣት ፍሬኑን ረግጫለሁ። ልስልስ ብሎኛል። ምነው ዝም አልክ ብትሉኝ፣ አልተጠየቅሁም ብዬ ነው። ሌባ እንዳልባል። ለስሜ ብዬ ነው።»

ሙስዓብ ያየው እኔን ነበር። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዋ ያየኝ ቀን ትዝ አለኝ።

«ሰባቱም ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

ተነሥቶ ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ካሳም ሳይቆርጡ ዱዓ አድርገው ተበተኑ። አያ ውዱ ሳጥኑን እዚያው ትተውት ሄዱ። እኔም ሄድኩ። በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅኩ። ድርጅቱ ምንም አልሆነም፤ ሰባቱን መስመር ሌላ ልጅ እያተመች ቀጠለች።

* * *

ከሙስዓብ ምንም ሳይሰማ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ያህል ቀረው። የታጨሁበትን ወርቅ እናቴ በጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠችው፤ «ሲጠይቁን እንሰጣለን» አለች። የጠየቀ የለም።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ዝናብ ያዘለ ጠዋት፣ ራቢዓ መጣች። ዒዳዋን ጨርሳ መጀመሪያ የመጣችበት ቤት የእኛ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ከስታለች። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ የመጣሁ እንዳይመስልሽ» አለች። «ይቅር አላልኩሽም። አንድ ቀን እልሽ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ዛሬ ግን አላልኩም።»

«አውቃለሁ፣ እቴ ራቢዓ።»

«ዐብዱረሕማን እዚህ ቤት የሰጠው ቃል አለ። ባልኖር ሚስቴ ትፈጽመዋለች ብሏል። ከእሱ የቀረኝ ሁለት ልጅና ያ ቃል ነው። ልጆቼ የአባታችን ቃል ወደቀ እንዲሉ አልፈልግም።»

«ሙስዓብስ?»

«በር ላይ ነው። አልገባም አለ። ውጪና አናግሪው።»

ወጣሁ። አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጎድኑ ስላልጠናለት ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ያ ሁሉ ቀልድ ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ሄዷል።

«የአያ ውዱን ሳጥን መልሼ መጣሁ» አለ። «ወለቃ ድረስ። አልቀበልም ብለው ነበር።»

«ተቀበሉ?»

«በመጨረሻ ተቀበሉ።» ክንዱን ከአጥሩ ላይ አነሣ። «በሽማግሌዎቹ ፊት አንቺ ተናገርሽ፤ አያ ውዱ ተናገሩ። እኔ አልተናገርኩም። ሁለት ወር ሙሉ ዘይት እየጨመርኩ ስነዳ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ገበያ እንዳያመልጠኝ። ሦስት ወር ሁሉንም ላንቺ ጥዬልሽ ተኛሁ።»

«ለእኔ ብለህ ነበር የቸኮልከው።»

«አትጨምሪልኝ» አለ። «የራሴን እንኳ ተሸክሜ ልየው።»

ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሁለታችንም ከጣራው ሥር አልተጠጋንም።

«ሙስዓብ፣ ትችላለህ? እኔን ባየህ ቁጥር እሱን ታያለህ።»

«እንጃ» አለ። «ሳላይሽ መኖሩን ግን ሞክሬዋለሁ። እሱን እንደማልችል አውቄያለሁ።»

ኒካሑ በዚያው ሳምንት ያለ ከበሮ ታሰረ። ራቢዓ ሩዙን በገዛ እጇ ሠራች። አንድም ጊዜ ፈገግ ብላ አላየችኝም፤ ሳህኑን ግን መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

* * *

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈው። ሱቁ አለ። ራቢዓ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች፤ ይቅር ማለቷን እስከ ዛሬ በቃሏ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። አያ ውዱ አርጅተዋል። ለማንኛውም ጉዳይ ወደ ጋራዣቸው የሚመጣ መኪና ሲያዩ መጀመሪያ ገብተው ፍሬኑን ይረግጣሉ፤ ሰው ይቆጣቸዋል፣ ሌባ ያላቸውም አለ፤ አይመልሱለትም።

ሙስዓብ ሌላ ፒክአፕ ገዝቷል። የገዛው ከአሮጌ መኪና ነጋዴ ነው። አሁንም ሐሙስ ዛሪማ ይወርዳል፤ ፓፓያም ያመጣልኛል። እንዋደዳለን። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ አብሬው ከምስቅበት ይልቅ አብሬው ዝም የምልበት ጊዜ ቢበዛም እንዋደዳለን።

በየጠዋቱ የግቢውን በር የምከፍትለት እኔ ነኝ። ሞተሩን ሳያስነሣ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ይረግጣል። እኔ የበሩን ብረት ይዤ የፔዳሉን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያን ጊዜ እሱ መሪውን ያያል፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ሦስተኛው ሲጠነክር በሩን እከፍታለሁ።